ካምበሮቹን ከመንቀልህ በፊት ያቺን ስንዝር ለካት

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። የሐይቅ ከተማ ልጅ ነህ፤ አጎትህ ከጀርመን ያገለገለ የንፋስ ሰርፊንግ ሸራ ልኮልሃል። ስፋቱ 7.0 ካሬ ሜትር፣ ሦስት የሚነቀሉ ካምበሮች (ምሰሶውን የሚያቅፉ የፕላስቲክ ሹካዎች) ያሉት፣ ጥጉ ላይ «ላፍ 467፣ ቡም 198፣ ምሰሶ 460» የሚል የታተመበት፤ ቁጥሮቹ በሴንቲ ሜትር ናቸው፣ ላፍ የሸራው የፊት ጠርዝ ነው፣ ቡም በእጅ የሚያዘው አግድም መያዣ። ምሰሶህም 460 ነው። የምሰሶውን የግርጌ ማራዘሚያ 15 ላይ ቆልፈህ የታችኛውን ገመድ «እጄ እስኪላጥ» ስበሃል፤ በላይኛውና በታችኛው ፑሊ (ገመዱ የሚዞርበት መንኮራኩር) መካከል አንድ ስንዝር ቀርቷል። ሸራው «አንዲት ሽብሽብ የለውም፣ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮሃል»። ውሃ ላይ ግን አቅጣጫ ስትቀይር ካምበሮቹ አልገለበጥ ይላሉ፤ የታችኛው ሁለት ጊዜ ከምሰሶው ወልቋል፤ ሸራው ከወደቀ ደግሞ ማንሳቱ ወገብህን ጨርሶታል። 68 ኪሎ ነህ። «ልንቀላቸው ወይስ ልታገል?» ብለህ፣ በመጨረሻ ስለ ተቀደደው እጅጌ ጨምረሃል።

አብሽር ወንድሜ፤ ካምበሮቹን በከንቱ ነው የከሰስካቸው። ጥፋቱ ራስህ በጻፍከው ውስጥ ቁጭ ብሏል። 460 ምሰሶ፣ 15 ማራዘሚያ፣ ሲደመር 475 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ላይ ያቺን ስንዝር ቀንስ። የአንድ ጎልማሳ ስንዝር ወደ 20 ሴንቲ ይጠጋል፤ ስለዚህ የሸራህ የፊት ጠርዝ የተሳበው እስከ 455 ነው። ሸራው የሚጠይቀው 467 ነው። 12 ሴንቲ ይቀርሃል። በዚህ ሥራ 2 ሴንቲ እንኳ ውሃ ላይ ይታወቃል፤ 12 ሴንቲ ማለት ሸራው ገና አልተወጠረም ማለት ነው።

እኔ አሁን ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ዘጠኝ ዓመት ግብፅ፣ ሲና በረሃ ዳር ባለችው ዳሃብ፣ ቦርድና ሸራ ከሚያከራይ ቤት ሠርቻለሁ። ጠዋት ሸራ መወጠር፣ ማታ አጥቦ መጠቅለል ነበር እንጀራዬ። ለነገሮቹ አማርኛው ገና ስላልወጣላቸው እዚያ ከአገሬ ልጆች ጋር እንደምንጠራቸው ልጥራቸው፤ ምሰሶው የሚገባበትን ሰፊ ቱቦ እጅጌ፣ ሸራው ውስጥ አግድም የገቡትን ዘንጎች፣ ምሰሶውን የሚያጎብጠውን የታች ገመድ፣ በቡሙ ጫፍ ያለውን የኋላ ገመድ እላለሁ። ካምበር ያው ካምበር ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ምሰሶውን እንደ ሹካ የሚያቅፈው ፕላስቲክ ነው፤ ንፋስ ሳይኖርም ሸራው የክንፍ ቅርጽ ይዞ እንዲቆይ ያደርጋል።

ሥራ በጀመርኩበት በመጀመሪያው ወር እኔም እንዳንተ ነበርኩ። የአንድ እንግዳ ሸራ አሳምሬ፣ ልክ እንደ ተተኮሰ ነጠላ አድርጌ ወጠርኩና ሰጠሁት። ሰውየው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ቦርዱን እየጎተተ መጣ። አለቃዬ ምንም አላለኝም። መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ገመዱን ዱላ ላይ ጠመጠመ፣ እግሩን ምሰሶው ግርጌ ላይ አስደግፎ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተለጠጠ። የሸራው የላይኛው የኋላ ጠርዝ እንደ አሮጌ መጋረጃ ረገበ። ገደለው ብዬ ነበር። እንግዳው ሸራውን ይዞ ገባ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸራው የፊት ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ መሃሉ ወደ ፊት እንደ ደጋን ተለጥጦ ነው የሚሰፋው። ምሰሶው ያንን ደጋን መምሰል አለበት፤ የሚያጎብጠው ደግሞ የታች ገመድ ብቻ ነው። ሳይጎብጥ ከቀረ ከመሃል የተረፈው ጨርቅ ሆድ ይሆናል፣ ዘንጎቹ ወደ ፊት ተገፍተው ምሰሶው ላይ ይተከላሉ፣ ካምበሮቹም እንደ ጉጠት ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። ያኔ ነው አልገለበጥ የሚሉት። በጉልበት ስታስገድዳቸው ደግሞ የአንዱ አፍ ይጣመምና ይወልቃል። የአንተ የታችኛው ካምበር የወለቀው ላልቶ ሳይሆን ታንቆ ይመስለኛል። ምሰሶው በደንብ ሲጎብጥ መሃሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዘንጎቹ ይተነፍሳሉ፣ ካምበሩም በቀላሉ ይዞራል። ብዙ ሰው ገመዱን መሳብ ካምበሩን የሚያጠብቀው ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ተቃራኒው ነው።

የከበሮው ድምፅም ከዚህ ይመጣል። በትክክል የተወጠረ ሸራ ከቡሙ በታች ድምፅ ይሰጣል፤ ላይኛው የኋላ ጠርዝ ግን ልል ነው። እጅህን ከስሩ ሰደህ ብትመታው ይርገበገባል። ብዙዎቹ ሸራዎች ከላይ ባሉት ዘንጎች መካከል ልልነቱ እስከ የት መድረስ እንዳለበት የሚያሳይ ነጥብ ወይም መስመር ታትሞባቸዋል፤ ያንተም ላይ ፈልገው። ይህ ልልነት ድንገት ንፋስ ሲመታህ የሸራው ጫፍ ተጠምዝዞ ትርፉን እንዲያፈስስ ነው። ተራራ የከበበው ሐይቅ ላይ ንፋሱ በአንድ ልክ አይነፍስም፤ ይመጣል፣ ያቆማል፣ እንደገና በጥፊ ይመጣል። ጫፉ ድርቅ ያለ ሸራ ይዘህ ያንን ጥፊ ሁሉ በክንድህ ትቀበላለህ።

ካምበሩ ይነቀል ወይስ ይቅር የሚለው ላይ ከመድረሴ በፊት ጀርመን ያለው አጎትህ ሊያስበው የማይችለው ነገር አለ። ያ ሸራ የተሰፋው ለባሕር ጠለል ነው። የእኛ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል፤ የንፋስ ጉልበት ደግሞ በአየሩ ክብደት ልክ ነው። ስለዚህ 7.0 ሸራህ እዚህ የሚሰጥህ ጉልበት ቀይ ባሕር ላይ 5.6 ገደማ የሆነ ሸራ የሚሰጠውን ነው። በሌላ አነጋገር መመሪያው 15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ንፋስ ይበቃል ካለህ፣ ሐይቅ ላይ ለዚያው ጉልበት 17 ኖት አካባቢ መጠበቅ አለብህ። «ለ68 ኪሎ ጀማሪ 7.0 ይበዛል» ያሉህ ሰዎች ለባሕር ጠረፍ ልክ ናቸው፤ በጉልበት በኩል ለአንተ ያን ያህል አይበዛም።

ክብደቱ ግን ከፍታ አያውቅም። ምሰሶው ያው ነው፣ ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ሸራው በወደቀ ቁጥር እጅጌው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም ያው ነው። ካምበር ያለው ሸራ እጅጌው ሰፊ ስለሆነ ውሃውን እንደ እንስራ ይሸከማል። ወገብህን የጨረሰው እሱ ነው፤ ንፋሱን አትውቀስ።

እንግዲህ ፍርዴን ልንገርህ፦ መጀመሪያ ገመዱን በልኩ መሳብ ልመድ፣ ከዚያ ካምበሮቹን ንቀል። በዚህ ቅደም ተከተል። ካምበር ባልተወጠረ ሸራ ላይ ስትነቅል ችግሩ የተፈታ ይመስልሃል፤ ያ ሆድ ግን እዚያው ነው፤ ንፋስ ሲበረታ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከእጅህ ይነጥቅሃል። በልኩ ተወጥሮ ካምበር የሌለው ሸራ ግን ለጀማሪ መልካም ነው፦ ቀላል ነው፣ ሲገለበጥ ራሱ ይገለበጣል፣ ከውሃ ሲነሳ ያነሰ ይታገላል። የምታጣው ነገር ቢኖር በደካማ ንፋስ የመነሳት ጉልበቱንና በጥፊው ጊዜ ሆዱ ከቦታው አለመንቀሳቀሱን ነው። ሳትወድቅ ዞረህ መመለስ እስክትችል ድረስ ሁለቱም ብዙ አያስፈልጉህም። ከዚያ በኋላ መልሰህ አስገባቸው፤ አየሩ ለሳሳበት ሐይቅ የካምበር ጉልበት ያን ጊዜ ይጠቅምሃል። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ልተው ብትል የሸራውን መመሪያ እይ፤ አንዳንዱ ሸራ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም ነው።

አሁን ወደ ሣሩ እንውረድ። ከጠጠር ራቅ ያለ ቦታ ምረጥ፤ ያ እንደ መስታወት የሚያሳየው ፕላስቲክ ከጠጠር ጋር አይዋደድም። ሁለቱን የምሰሶ ክፍሎች ከመጋጠምህ በፊት መጋጠሚያውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። አንዲት ቁንጥር አሸዋ ከገባችበት ማታ ሁለት ሰው ቢጎትተውም አይላቀቅም። ምሰሶውን በእጅጌው ስታሳልፈው በየዚፑ በኩል እያየህ ካምበሮቹ ሁሉ ከምሰሶው በስተኋላ መቅረታቸውን አረጋግጥ። ጫፉ ላይኛው ኪስ ውስጥ በደንብ ይቀመጥ። ማራዘሚያውን ከ15 አውርደህ 8 ላይ አድርገው፤ 460 ሲደመር 8 468 ይሆናል፣ ስትጨርስ ሁለቱ ፑሊዎች ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። ያኔ ስንዝር መለካት ቀረልህ፤ ዓይንህ ብቻ ይበቃል።

ገመዱን በፑሊዎቹ ስታሳልፍ አንዱ ዙር ሌላውን እንዳያቋርጥ። እጅህ የተላጠው በዚህም ሊሆን ይችላል፤ የተጠላለፈ ገመድ ጉልበትህን ግማሹን ለራሱ ይበላል። ካምበር የምታስገባበት ቀን ከሆነ አንድ ስንዝር ሲቀርህ አቁም። አንተ «ጨረስኩ» ያልክበት አካባቢ ካምበር መግጠሚያው ነው! ዚፑን ክፈት፣ በአንድ እጅህ ዘንጉን ከስር ቀና አድርገህ ያዝ፣ በሌላው የካምበሩን አንድ ከንፈር ምሰሶው ላይ አሳርፈህ ሌላውን ቀጭ እስኪል ግፋው። እኔ ከላይ ወደ ታች ነው የምገጥመው፤ ከታች የሚጀምሩም አሉ። እምቢ ካለህ ገመዱን ሁለት ሦስት ሴንቲ ልቀቅለት እንጂ በድንጋይ እንዳትነካው።

ቀጥሎ ቡሙ። 200 ላይ አርዝመህ ከትከሻህ ቁመት ጋር አስተካክለህ እሰረውና የኋላ ገመዱን በልኩ ብቻ ጠበቅ አድርግ። ከዚያ ነው ዋናው ስበት። በባዶ እጅ አይሆንም። ለዚህ የተሠራ መሳቢያ እጀታ አለ፤ ከሌለህ ክንድ የሚያህል የወይራ ዱላ በቂ ነው። ገመዱን ሦስት ጊዜ ጠምጥመህ ጫፉን አስይዘው፣ መሬት ተቀመጥ፣ እግርህን ማራዘሚያው ግርጌ ላይ አስደግፍ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ በእግርህ ግፋ። ክንድህ ይዞ መቆየት ብቻ ነው ሥራው። ፑሊዎቹ ተቀራርበው ሁለት ጣት ሲቀራቸው ተነስተህ የኋላውን ጠርዝ እይ። ከላይ ከረገበ ደርሰሃል። ካልረገበ ሌላ አንድ ሴንቲ። የታተመው ቁጥር በአንድ ሁለት ሴንቲ ሊስት ይችላል፤ ጠርዙ ግን አይስትም።

ከታች ስትስብ የኋላው ይላላል ወይም ይጠብቃል፤ ስለዚህ ወደ ቡሙ ተመለስና እንደገና አስተካክል። ክራር የቃኘ ሰው ይገባዋል፤ አንዱን ክር ስታጠብቅ ሌላው ከአምባሰል ወጥቶ ይጠብቅሃል። የኋላ ገመዱ ሸራው ሳይጎተት ከሚያርፍበት ቦታ 2 ሴንቲ ያህል ብቻ አልፎ ቢሳብ ይበቃል። በንፋስ ሞልቶ ሳለ ሸራው ቡሙን የሚነካ ከሆነ ሌላ አንድ ሴንቲ ጨምር።

ካምበሮቹን የምትነቅል ከሆነ የታች ገመዱን ሙሉ በሙሉ ሳትለቅ አትጀምር። በየዚፑ አውጥተህ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሳባቸው። ከሸራው ጋር የተላኩ ትናንሽ የፕላስቲክ ቆቦች ካሉ በቦታቸው አድርግ፤ የዘንጉ ጫፍ ራቁቱን እጅጌውን እንዳይበሳው። ከዚያ ገመዱን መልሰህ በልኩ ሳበው፤ መለኪያህ ዘንጉ ነው። ቡሙ አካባቢ ያለው ዘንግ ጫፉ ከምሰሶው ውፍረት ግማሽ በላይ ካለፈ ወይ የታች ገመዱ አልበቃም ወይ ዘንጉ ከልክ በላይ ተጠብቋል። የዘንጎቹ ማጥበቂያ በኋላ ጠርዝ በኩል ነው፤ በአለን ቁልፍ ይዞራል። ዘንጉን ተሻግረው የሚታዩት ቀጫጭን ሽብሽቦች እስኪጠፉ አጥብቀህ እዚያው ተው።

ይህን ሁሉ አድርገህም ካምበር ካስገባህ በኋላ የሚወልቅ ከሆነ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ የምሰሶህን የታች ቀዳዳ በማስመሪያ ለካ፤ ወደ 48 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወፍራሙ ነው፣ 32 ከሆነ ቀጭኑ። ለወፍራም የተሠራ ካምበር ቀጭን ምሰሶ ላይ አይረጋም። ሁለተኛ፣ ከረጢቱን አራግፈው። ካምበርና ዘንግ መካከል የሚገቡ ትናንሽ ቀለበቶች ይኖራሉ፤ አንድ ስትጨምር ካምበሩ ምሰሶውን ይበልጥ ያቅፋል፣ አንድ ስትቀንስ መገልበጡ ይቀላል። በልኩ ተወጥሮም ደካማ ንፋስ ላይ ካምበር አንዳንዴ ይሰንፋል፤ ስትዞር ቡሙን አንዴ ነቅነቅ አድርገው፣ ቀጭ ብሎ ይሻገራል። ምሰሶውን በንጹሕ ውሃ እጠበው፣ ካስፈለገ የሲሊኮን ስፕሬይ ንፋበት። ዘይትም ሆነ ቅቤ እንዳትቀባው፤ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቀብቶ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ አሸዋ ወረቀት አድርጎት መጣ።

ስለ ማንሳቱ። የወደቀውን ሸራ በአንድ ትንፋሽ አታንሳው። ማንሻ ገመዱን ይዘህ በእግርህ ቀስ ብለህ ቀና በል፣ የሸራው ጫፍ ከውሃው ትንሽ ሲለቅ ቆም በል፣ ውሃው ከእጅጌው ይፍሰስ፤ ንፋሱም ከስር ሲገባለት ቀሪውን ያግዝሃል። ጀርባህ ለንፋሱ ይሁን።

አልጠየቅከኝም፣ ግን ሐይቁን ስለማውቀው ዝም አልልም። ከዳር ትንሽ ራቅ ሲሉ መሬቱ ይጠፋል፤ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ዋናተኛ ነኝ ብለህ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት አትግባ። ንፋሱ ወደ ዳር በሚገፋበት በኩል ጀምር፤ ወደ መሃል ከሚገፋበት አትነሳ፣ መጥቶ የሚያወጣኝ ሞተር ጀልባ አለ ብለህ አትተማመን። ሸራው ቢያስቸግርህ እሱን ተው፣ ከቦርዱ ግን አትለይ። ቆሮሶ የሚያጠምዱት ሰዎች መረባቸውን የት እንደሚዘረጉ ጠዋት ሄደህ ጠይቃቸው፤ ከቦርዱ ስር ያለችው ክንፍ መረብ ከያዘች አንተም ትወድቃለህ፣ የሰው እንጀራም ትቀድዳለህ። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩልም ራቅ በል፤ አባቶች ጸሎት ላይ ናቸው፣ የሸራ ጩኸት ውሃ ላይ ሩቅ ይሰማል።

እጅጌው። ከዚፑ አጠገብ 10 ሴንቲ ተቀዷል ብለሃል። በጥጥ ክር እንዳታሰፋው፤ ውሃና ፀሐይ በአንድ ክረምት ይጨርሱታል። ወፍራም ፖሊስተር ክር ይሁን፣ ከስሩ ቀዳዳውን በየአቅጣጫው ሦስት ጣት የሚያልፍ ጠንካራ ጨርቅ ይደረብ፣ ስፌቱ ዚግዛግ ይሁን እንጂ መርፌው አይጠጋጋ፤ የተጠጋጋ ቀዳዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ሆኖ ይቀደዳል። ካምበር ስትገጥም የምትጎትተው በዚያ በኩል ስለሆነ እስኪሰፋ ድረስ ካምበር አታስገባ። ወደ ኮምቦልቻ ብትልከው የኔ ማሽን የመኪና ሸራ የለመደ ስለሆነ አያቅተውም። ብቻ ጠቅልለህ ላከው፣ አታጥፈው፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫን ከሆነም ፀሐይ እንዳያገኘው በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው።